ለኤሊ ጫጩት ምን ይነጠፋል? ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ

ዶሮ አርብቶ የሚያውቅ ሰው የኤሊ ጫጩት ቤቱ ስትገባ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሰጋቱራ ነው። ለዶሮ ጫጩት ሰጋቱራ ደግ ነው፤ ኩሷን ይመጥጣል፣ ሳጥኑን ያደርቃል፣ መድረቁም ጤናዋ ነው። ይህንኑ ልማድ ለኤሊ ማዋል ግን ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የኤሊ ጫጩት በደረቅ ንጣፍ ላይ ስትኖር ቀን ከሌት ከሰውነቷ ውሃ ይወጣል፤ ኩላሊቷ ይጎዳል፣ የጀርባ ድንጋይዋም እየተጎበጠ ያድጋል። ጉዳቱ ዓይን የሚገባው ከወራት በኋላ ስለሆነ ንጣፉን የሚጠረጥር የለም፤ የሚወቀሰው ምግቡ ወይም አምፖሉ ነው።

እዚህ የምንጽፈው በተለይ ስለ ሁለት ዝርያዎች ነው፤ ጭኗ ላይ እሾህ መሰል ጉጥ ስላላት ሱልካታና ጀርባዋ እንደ ነብር ስለተዥጎረጎረችው ሌፐርድ ኤሊ። ሁለቱም የአገራችን ተወላጆች ናቸው። የሱልካታ አገር ከሴኔጋል ተነስቶ የሳህልን ቀበቶ ተከትሎ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይደርሳል፤ ሌፐርድ ደግሞ ከእኛ ቆላ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ትገኛለች። ይሁን እንጂ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ሱልካታን ፊት ለፊት የሚተዋወቃት አሜሪካ ውስጥ ነው። አሜሪካ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ከብት የሚገድል በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ይዘው ይመጣሉ በሚል፣ ሁለቱንም ከውጭ ማስገባት ስለከለከለች እዚያ የሚገኙት እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው። ይህ ለገዢው ይጠቅማል፤ አርቢውን «ከተፈለፈለች ጀምሮ በምን ላይ አቆያችኋት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «በደረቅ ሳር እንክብል ላይ» ወይም «በአሸዋ ላይ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ሌላ አርቢ ፈልጉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድርቀት ኋላ በእንክብካቤ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሊን ከዱር አንስቶ ያለ ፈቃድ ቤት ማስገባት ክልክል ነው። በእስራኤልም የአገሩ ኤሊ በሕግ የተጠበቀች ናት። መንገድ ስትሻገር ያያችኋትን ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግራችሁ ተዉአት።

«የበረሃ እንስሳ አይደለችም እንዴ?»

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ጎልማሳ ሱልካታ በበጋ ፀሐይ ላይ ተሰጥታ አትውልም፤ ራሷ በቆፈረችው ጥልቅ ጉድጓድ ትገባለች፤ የጉድጓዱ አየር ደግሞ ከላዩ ይልቅ በጣም የረጠበ ነው። ጫጩቶቹ ከአፈር የሚወጡት ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልስና ሳሩ ሲያቆጠቁጥ ነው። ሌፐርድ ባትቆፍርም ልጆቿ የሚደበቁት ጥቅጥቅ ባለ ሳርና ቁጥቋጦ ሥር፣ ጤዛ በሚይዝ ቦታ ነው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ ቪየና ላይ በሱልካታ ጫጩቶች የተደረገ ጥናት፣ ድንጋዩን ፒራሚድ አስመስሎ የሚያጎብጠው ከፕሮቲን ብዛት ይልቅ የአየር ድርቀት መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በፊት ጥፋቱ ሁሉ በፕሮቲን ላይ ይላከክ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ የሚናገር ሻጭ አይጠፋም።

ስለዚህ ንጣፍ ሲባል ፍራሽ ማለት አይደለም፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ከታች ያለው ውሃ ይይዛል፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ያተነዋል፣ ጫጩቷ በዚያ እርጥብ አየር ውስጥ ትኖራለች። እግሯና የሆድ ድንጋይዋ የሚነካው የላይኛው ገጽ ግን መጨቅየት የለበትም፤ ሁልጊዜ ጭቃ ላይ የምትተኛ ኤሊ ሆዷ ይበሰብሳል። ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

የምንመክረው፦ ኮኮ ኮይር ከሥር፣ የዛፍ ቅርፊት ከላይ

ኮኮ ኮይር የኮኮናት ፍሬ የውጭ ልባስ ተፈጭቶና ተጠቅጥቆ በጡብ መልክ የሚሸጥ ነው። ውሃ በብዛት ይይዛል፣ ቶሎ አይሻግትም፣ ሽታ የለውም፣ ትንሽ ቢዋጥም አብዛኛውን ጊዜ ከኩስ ጋር ይወጣል። ብቻውን ሲሆን ግን ሁለት እንከን አለው። ሲደርቅ እንደ ቡና ዱቄት ይበናል፣ ዓይንና አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል፤ ሲረጥብ ደግሞ በምግቧና በእግሯ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ነው ከላዩ ፈር ከሚባለው ዛፍ የተሠራ ቅርፊት የምናለብሰው። ይህ ቅርፊት ለኦርኪድ አበባ መትከያ የሚሸጠው ነው፤ ስባሪው ከሽምብራ እስከ ባቄላ ፍሬ የሚያክለውን ምረጡ። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት ርዝመቷ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትልልቁ ቅርፊት ለእሷ እንደ ግንድ ስለሆነ ስትወጣበት ትገለበጣለች። ጀርባዋ ላይ ተገልብጣ አምፖል ሥር የቀረች ጫጩት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

መጠኑን አስቀድሞ ማስላት ከሁለተኛ ጉዞ ያድናል። ሳጥኑ 120 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ከሥር 6 ሳንቲ ሜትር ኮይር ያስፈልጋል፤ 120 በ60 በ6 ሲባዛ 43 ሊትር ገደማ ይሆናል። ኮይር ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ ሩብ ያህል ጨምሩበት፤ 54 ሊትር ገደማ ማለት ነው። 650 ግራም የሚመዝነው የተለመደው ጡብ ሲነፋ 8 ሊትር ገደማ ስለሚወጣው ሰባት ጡብ ይበቃል። 5 ኪሎ የሆነው ትልቁ ብሎክ ዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን ለአትክልት ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ጨው ሊኖረው ይችላል። አሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ጨምራችሁ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ከላይ ለሚነጠፈው 2 ሳንቲ ሜትር ቅርፊት 15 ሊትር ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ጡብ ትልቅ ሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ 4 ሊትር ሙቅ ውሃ አፍስሱበት። በቀዝቃዛ ውሃም ይፈታል፤ ግን ሰዓት ይፈጃል፣ መሐሉም ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ በእጅ ፈርፍሩት፤ የክር ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ካለ ልቀሙ፣ ረጃጅም የቃጫ ክሮችንም አውጡ። ክር እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም ሲያግድ ጣት ያሳጣል፤ ቢዋጥም አይበተንም።

ቀጥሎ የጭብጥ ፈተና አለ። አንድ ጭብጥ ዘግኑና አጥብቃችሁ ጨምቁ። ውሃ ከወረደ በዝቷል፤ በጣታችሁ መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ካለ ልክ ነው፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ይጎድለዋል። የበዛበትን እየጨመቃችሁ ወደ ሳጥኑ አስተላልፉ። ከዚያ በመዳፋችሁ ደልድሉና ጠቅጥቁት። ልል የሆነ ኮይር ጫጩቷን ያሰምጣታል፤ የተጠቀጠቀው ግን እንደ መሬት ይይዛታል። ቅርፊቱን ከላይ ከመበተናችሁ በፊት በወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ጣሉ።

ሳጥኑ የእንጨት ከሆነ ንጣፍ ከመግባቱ በፊት ወለሉና ግድግዳው እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በወፍራም ፕላስቲክ ይሸፈን። የኩሬ ፕላስቲክ ወይም ለሻወር ወለል የሚነጠፈው ጎማ ይሆናል። ማዕዘኖቹን ለዓሣ ገንዳ በሚሆን ሲሊኮን ድፈኑና የኮምጣጤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ይህ ካልተደረገ እንጨቱ ከሥር ይበሰብሳል፣ ሻጋታውም ከማይታይ ቦታ ይመጣል።

ገና ከእንቁላል ወጥታ ሆዷ ላይ የአስኳል ከረጢት ያልገባላት ጫጩት እስኪገባላት ድረስ በእርጥብ የወረቀት ፎጣ ላይ ትቆይ እንጂ ወደዚህ አትግባ። ቅንጣት ከረጢቱ ላይ ከተለጠፈ ቁስልና ኢንፌክሽን ይከተላል።

ውሃ ማጠጣት

ብዙ ሰው በመርጫ ላይ ላዩን ይረጫል። ይህ ለሰዓት ያህል የመለኪያውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፣ ገጹን ያጨቀያል፣ ሥሩን ግን ደረቅ ይተወዋል፤ ከምንፈልገው ነገር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ትክክለኛው በአራቱ ማዕዘን ለብ ያለ ውሃ ማፍሰስ ነው። ለጠቀስነው ሳጥን በየማዕዘኑ ሩብ ሊትር፣ በድምሩ አንድ ሊትር አፍስሱና በማግስቱ ጣታችሁን እስከ ወለሉ ሰዳችሁ ዳስሱ። ወለሉ ላይ ውሃ ከተጠራቀመ ለሳምንት ተዉት። እንደ ቤቱ አየር ከአምስት እስከ አሥር ቀን አንዴ ይበቃል።

ቅርፊቱን ሳያረጥቡ ለማጠጣት የሚመች ዘዴ አለ። 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ታችኛውን ጫፍ በስታችሁ በአንዱ ማዕዘን አቁሙት፤ ውሃው በዚያ ይግባ። አፉን በክዳን ዝጉት፤ ክፍት ከተተወ የጫጩቷ እግር ወይም የምግብ ፍርፋሪ ይገባበታል።

ክዳን የሌለው ሳጥን ውስጥ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። አምፖሉ የሚያሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ እርጥበቱንም ይዞ ይሄዳል። ላስ ቬጋስና ፊኒክስ ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ሚኒያፖሊስ ያላችሁም ክረምት ላይ ማሞቂያው ከተከፈተ ቤታችሁ ከዚያ አይሻልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ውጭው ወበቅ ሆኖ እንኳ ኤሲው የክፍሉን አየር ያደርቀዋል። ስለዚህ ሳጥኑ ከላይ ይዘጋ፤ ለአየር አንድ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይበቃዋል። መሸፈኛው ከአምፖልና ከማሞቂያ የራቀ ይሁን፤ የሴራሚክ ማሞቂያ (ብርሃን ሳይሰጥ የሚያሞቀው) የሚገባበትም የፕላስቲክ ሳይሆን የሸክላ ሶኬት ነው። የፕላስቲኩ ይቀልጣል።

የምትለኩት ከወለሉ ከፍ ብሎ ሳይሆን ጫጩቷ በምትተነፍስበት ከፍታ ነው። እርጥበቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ፣ አምፖሉ ሥር ያለው ገጽ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ቦታ ከ27 እስከ 31። ሌሊትም ከ26 እንዳይወርድ። ባለ ቀስት ርካሽ መለኪያዎች ይዋሻሉ። ዲጂታሉንም ቢሆን አንዴ ፈትኑት፦ በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ዘግታችሁ ስምንት ሰዓት አቆዩት። 75 ማሳየት አለበት። 68 ካሳየ ሁልጊዜ ሰባት እየደመራችሁ አንብቡ።

የሙቀቱ ነገር ከእርጥበቱ አይነጠልም። እርጥብ ንጣፍ ሲተን ራሱን ያቀዘቅዛል፤ አየሩ 28 ሆኖ ንጣፉ 23 ሊሆን ይችላል። ጫጩቷን ለሳንባ ምች የሚዳርጋት እርጥበት ብቻውን አይደለም፣ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ ነው። «እርጥበት አሳመመብኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው የሌሊቱ ሙቀት ነው። ንጋት ላይ፣ አምፖሉ ሳይበራ፣ የንጣፉን ገጽ በጨረር ቴርሞሜትር ለኩ።

የማይነጠፉ

ሰጋቱራና ፍቅፋቂ። የሴዳር እንጨት የሚተን ዘይት አለው፤ በተዘጋ ሞቃት ሳጥን ውስጥ ሳንባና ጉበት ይጎዳል። የእኛ ጥድና ባህር ዛፍም በሚሰጡት ሽታ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ስለ አንድ እንጨት ወይም ማልች (ለአትክልት ሥር የሚነሰነስ የእንጨት ስባሪ) ከተጠራጠራችሁ አንድ ጭብጥ በብርጭቆ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ከድናችሁ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ አሽትቱት፤ ሙጫ ሙጫ ወይም ስል ሽታ ካለው ለሌላ ሥራ ይዋል። አሜሪካ የሚሸጠው የሳይፕረስ ማልች ደህና ነው፤ ግን ከረጢቱ ላይ «ቅይጥ» የሚል ካለ ከምን ጋር እንደተቀየጠ ካላወቃችሁ አትግዙት። ቀለም የተቀባውን ፈጽሞ አትንኩ።

አሸዋ። ውሃ አይዝም፣ ዓይን ይፈገፍጋል፣ ከምግብ ጋር እየገባ አንጀት ውስጥ ይከማቻል። ከአፈር ጋር ቢደባለቅስ? አሮጌ መመሪያዎች ግማሽ በግማሽ ይላሉ፤ እኛ አናይበትም ጥቅም። ለጎልማሳ ሜዳ ላይ ችግር ያልሆነው፣ ከ40 ግራም እምብዛም ለማትበልጥ ጫጩት ጠባብ አንጀት ሌላ ነገር ነው። ካልሲየም አሸዋ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ካልሲየም ያነሳት ጫጩት ሆን ብላ ትበላዋለች።

ጭድ፣ ድርቆሽ፣ ቆረቆንዳ፣ የቡና ገለባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲረጥቡ በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታሉ፣ ሲደርቁም ጫፋቸው ዓይን ይወጋል። የተፈጨ ቆረቆንዳ ውሃ ሲያገኝ ስለሚያብጥ፣ ተውጦ አንጀት ውስጥ ካበጠ መውጫ የለውም። የቡና ገለባ ካፌይን አለው። የጥንቸል መኖ እንክብልም ከጭዱ ጋር አንድ ነው።

ከመደብር የሚገዛ የአበባ አፈር። ጀርባውን ሳታነቡ አትግዙ። ማዳበሪያ፣ ፐርላይትና ውሃ መያዣ ኬሚካል ከሌለበት ከኮይር ጋር እስከ ግማሽ ሊደባለቅ ይችላል። ፐርላይት እነዚያ ነጫጭ ኳሶች ናቸው፤ ኤሊ ነጭ ነገር ይስባታል፣ አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች።

የጓሮ አፈር። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ኤሊ ለሚያቆዩ ማዕከላትና ኮይር ለማያገኙ ሁሉ የሚቀረው አማራጭ ይኸው ነውና። ፀረ ተባይ የተረጨበት፣ ዶሮ የዋለበት፣ የፈረሰ ቤት የነበረበት ቦታ አይሆንም፤ የመስታወት ስባሪና ምስማር አይጠፋም። መረሬ አፈር ሲረጥብ እግር ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይሰነጠቃል። የሚሻለው ከዛፍ ሥር የሚወሰድ፣ ቅጠል የበሰበሰበት ጥቁር ቡናማ የጫካ አፈር ነው፤ ከባህር ዛፍና ከጥድ ሥር ግን አይወሰድም። በወንፊት ንፉት፣ ውሃ ነክራችሁ እርጥብ እንዳለ ሙቀቱ መሐሉ ላይ 82 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ በእንፋሎት ቀቅሉት። ከዚያ በላይ ማክረር አፈሩ ውስጥ ጎጂ ነገር ስለሚፈጥር አይጠቅምም። ሲቀዘቅዝ የጭብጥ ፈተናውን ድገሙለት።

ጋዜጣና ሰው ሠራሽ ሳር። ጋዜጣ ያንሸራትታል፣ እግሯ ወደ ጎን እየተዘረጋ ያድጋል፤ እርጥበትም አይዝም። ሰው ሠራሽ ሳር ክሩ ይበላል።

ስፋግነም ሞስ (ደርቆ የሚሸጥ የረግረግ ተክል) ላይ ሰው ይከራከራል። እርጥበት ይይዛል፣ መደበቂያዋ ውስጥ ሲደረግ ያምራል። ሱልካታ ግን ያገኘችውን ሁሉ የምትቀምስ ስለሆነች ረጃጅም ክሮቹ አንጀት ይዘጋሉ። እኛ ለሱልካታ አናስገባም፤ ለሌፐርድ ከሆነ አፏን የሚከታተል ሰው ይኑር።

ሳጥኑ ውስጥ የቀረው

አምፖሉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ያልተወለወለ የሸክላ ጣውላ አድርጉ፤ እዚያ ንጣፉ ደረቅ ቢሆን ችግር የለውም። ምግቧም በሌላ ጣውላ ላይ እንጂ በቀጥታ ንጣፉ ላይ አይቀመጥ። የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ የሸክላ ሳህን ለሁለቱም ያገለግላል፤ ለመጠጥ ሲሆን ጠርዙ ከንጣፉ ጋር እኩል እስኪሆን ቅበሩት፣ ውሃው ከአገጯ እንዳያልፍ። ቤት ያለ የምጣድ ስባሪ ልጠቀም የሚል ካለ፣ የተሟሸ ምጣድ ዘይት ስለጠጣ ይቅር።

መደበቂያዋን ቀዝቀዝ ባለው በኩል አስቀምጡ፤ የተገለበጠ የፕላስቲክ ዕቃ 10 ሳንቲ ሜትር በር ተቆርጦለት ይበቃል፤ የቆረጣችሁትን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ውስጡ ያለው ኮይር ከሌላው ቦታ ትንሽ ይበልጥ ይርጠብ። ጫጩቷ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ስለምታሳልፍ ከሳጥኑ ሁሉ ይልቅ የሚለካው እዚያ ያለው አየር ነው።

ጥሩ ንጣፍ አለ ብሎ ማጠቧን መተው አይቻልም። በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ፣ የጀርባና የሆድ ድንጋይዋ እስከሚገጥሙበት ድረስ ብቻ። አብዛኛውን ጊዜ የምትጸዳዳውም እዚያ ስለሆነ ንጣፉ ንጹሕ ይሆናል።

ሲበላሽ

ነጭ ጸጉር መሰል ሻጋታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታየ አትደንግጡ፤ ቦታውን በማንኪያ አንሱ፣ አካባቢውን አገላብጡ፣ የምግብ ፍርፋሪ ቀርቶ እንደሆነ ፈልጉ። በረኪና አትርጩ። በየሳምንቱ ተመልሶ ከመጣ ውሃው በዝቷል ወይም አየር ማስገቢያው ጠቧል። ጥቃቅን ዝንቦች ከተነሱ ገጹ ከመጠን በላይ ረጥቧል ማለት ነው፤ ለአሥር ቀን ከሥር ብቻ አጠጡ፣ የሚያጣብቀውን ቢጫ ወረቀት ከሳጥኑ ውጭ ስቀሉ። ውስጥ ከተደረገ የምትጣበቀው ጫጩቷ ናት።

የሆድ ድንጋይዋን በየሳምንቱ ገልብጣችሁ ሳይሆን ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ከሥር እዩ። ቅላት፣ ትናንሽ ጉድጓዶች፣ የሚላጥ ገጽ ወይም መጥፎ ሽታ ካለ ገጹ ጨቅይቷል። ቅርፊቱን ወደ 4 ሳንቲ ሜትር አሳድጉ፣ ማጠጣቱን አቁሙ፣ ለተሳቢ እንስሳት ሐኪም አሳዩ። ቅባት አትቀቡት፤ ከሥሩ እርጥበት አፍኖ ያባብሰዋል።

ንጣፍ ስትበላ ካያችሁ መጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቁ። አንድ ሁለት ቅንጣት ከቅጠል ጋር መዋጥ የተለመደ ነው። ሆን ብላ እየመረጠች የምትበላ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የካልሲየም ወይም የሣር እጥረት ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ የኩትል ዓሣ አጥንት አኑሩላት፣ ምግቧ ላይም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለጣት ጫፍ ያህል የካልሲየም ዱቄት ነስንሱ። አንጀት ሲዘጋ ምልክቱ ምግብ መተው፣ ለበርካታ ቀናት አለመጸዳዳት፣ ማማጥና የኋላ እግር መድከም ነው። ለብ ባለ ውሃ መንከሩን በቀን ሁለት ጊዜ አድርጉና ራጅ ወደሚያነሳ ሐኪም ውሰዷት። ቤት ውስጥ ለሰው ድርቀት የምንሰጠውን የተልባ ውሃም ሆነ ዘይት በአፏ አታፍስሱ፤ ይህን ያህል ትንሽ በሆነች እንስሳ በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ከሁሉ ቀድሞ ይናገራል፤ ለእሷ ብቻ የሚሆን ግዙላት። በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ ከታጠበች በኋላ መዝኗት። ንጣፉ ትክክል ሆኖ ክብደቷ ለሦስት ሳምንት ካልጨመረ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ኩስና የተረፈ ምግብ በየቀኑ ይነሣል። በሳምንት አንዴ እስከ ወለሉ አገላብጣችሁ መልሳችሁ ጠቅጥቁ። ኮይሩ ከአራት እስከ ስድስት ወር ያገለግላል፤ ወደ ጭቃነት ሲለወጥ ወይም የኩሬ ሽታ ሲያመጣ ጊዜው አልፏል። ቅርፊቱ ታጥቦና በፀሐይ ደርቆ አንድ ዙር ይደገማል። በእርጥበቱ ቢያንስ ሁለቱን የመጀመሪያ ዓመታት ጽኑ፤ ሱልካታ ርዝመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ መቆፈር ስለምትጀምር ጥልቀቱን ወደ 15 አሳድጉት።

ንጣፉን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳፋውንም ሳህኑንም እንጀራ በሚጋገርበት ኩሽና ውስጥ አትጠቡ። አሜሪካ ድንጋያቸው ከ4 ኢንች፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፣ የሚያንስ ኤሊዎችን መሸጥ በ1975 የከለከለችው ሳልሞኔላ ሕፃናትን እያሳመመ ስለነበር ነው። ክልከላው ለትምህርትና ለመሳሰለው የተተዉ ቀዳዳዎች ስላሉት ጫጩቶች አሁንም ይገኛሉ፤ ባክቴሪያውም አብሯቸው አለ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ይመልከቱ እንጂ አይንኩ። አሮጌው ንጣፍ ለአበባ ማሰሮና ለዛፍ ሥር ግሩም ነው። ሰላጣና ጎመን ለምትዘሩበት መደብ ግን አይሆንም፤ ሳልሞኔላ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል።